ተኩላውን ያልረገጠው

ሮስ ቤላንዤ ማሊያው በክብር ከስታዲየሙ ጣሪያ ሊሰቀልለት በታሰበበት ቀን ጠዋት፣ በክለቡ መታጠቢያ ክፍል ጭንቅላቱ ተፈርክሶ ተገኘ። በበረዶ ሆኪ ተከላካይ ይባል እንጂ መከላከል የሚባል ነገር አያውቅም። ጓደኛውን ጥሎ ወደፊት ይከንፋል፣ ያገባል፣ ሕዝቡም ያብዳል። በሊጉ የሱን ያህል ጎል ያገባ ተከላካይ የለም፤ የሱን ያህል ራሱን የሚወድም አልነበረም።

ጠዋት ከሱ ሌላ ሕንፃው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ፖሊሶቹ ማሰብ ስለማይወዱ ሚስቱን ኮሌትን ሊያስሩ ተነሡ፤ ትናንት በሰው ፊት «ምነው በሞትክ!» ብላው ነበርና። ኢንስፔክተር ቴልማ ግራንት ግን ጎንበስ ብላ የመልበሻ ክፍሉን ምንጣፍ አየች። ሬሳው ከሮስ መቀመጫ እስከ መታጠቢያው ተጎትቷል። የደሙ መስመር ምንጣፉ መሃል ካለው የክለቡ አርማ፣ ከተኩላው ራስ ሲደርስ ግን ዞሮ አልፏል።

መጀመሪያ የክለቡን ባለቤት ሚስተር ፔንዳልን አነጋገረች።

«ማሊያውን ዛሬ መስቀል እንችላለን? ሕዝቡ ትኬት ገዝቷል።»

«ሬሳው ገና አልቀዘቀዘም እኮ!»

«እሱ በቁሙም ቀዝቃዛ ነበር።»

ኮሌት ደግሞ ዓይኗ ደም ለብሶ ገባች። «ለሱ ብዬ እስር ቤት ልግባ? ጥፍሬን እንኳ አልሰብርለትም! ከታሰርኩ ሁለቱን ልጆቼን እናቱ ትወስዳቸዋለች። እሷ ናት እንዲህ አድርጋ ያሳደገችው!»

የመጨረሻው ኦርቪል ማኪ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ከሮስ ጎን የተጫወተው ተከላካይ ነው።

«ጥሩ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማር።»

«እሱ ጎል ሊያገባ ሲሮጥ ኋላ ማን ይቀር ነበር?»

«እኔ ነኛ። ሲገባብን የምሰደበውም እኔው» አለና ሳቀ። የማያምር ሳቅ ነበር።

ከዚያ ቴልማ ሦስቱንም መልበሻ ክፍሉ በር ላይ አስቁማ፣ ራሷ ወዲያኛው ግድግዳ ጋ ቆመች።

«እስቲ ወደኔ ኑ።»

ፔንዳል በረዶ በያዘ ጫማው የተኩላውን ፊት ረግጦ መጣ። ኮሌት ጭራሽ ቦቲዋን ጠረገችበት። ማኪ ጉልበቱ ከአግዳሚዎቹ እየተጋጨ፣ በግድግዳው ጥግ ዞሮ ደረሰ።

«ምነው ዞሩ?»

«ተጫዋች ተኩላውን አይረግጥማ! ከልጅነታችን ጀምሮ...» አለና ዓይኑ የደሙ መስመር ላይ አረፈ።

«ገዳዩም አልረገጠም» አለች ቴልማ። «የሚቸኩል ሰው፣ ያን የሚያህል ሬሳ እየጎተተ፣ አቋርጦ ማለፍ ሲችል ዞረ። ሚስተር ፔንዳል ቢሆኑ ይረግጡታል። ኮሌትንም አይተዋታል። አመል ያወጣል ከመሃል።»

ማኪ አግዳሚው ላይ ዘጭ አለ። «ዛሬ ማታ ሕዝቡ ፊት አንዴ፣ አንዴ ብቻ ስሜን ጥራ አልኩት። ‹አንተ ደሞ ማን ነህ?› ብሎ ሳቀብኝ። በገዛ መጫወቻ ዱላው መታሁት።»

ኮሌት ፊቷን ሸፍና «ልጆቼ» አለች።

ቴልማ እስካሁን «እርስዎ» ስትለው የቆየችውን ሰው ቁልቁል አየችው። «ሰው ገደልክ። የሁለት ልጆች እናት ባንተ ፈንታ ልትታሰር ስትል ዝም አልክ። ያዘንከው ለምንጣፍ ነው።»

ካቴና አጥልቀው ሲወስዱት ተኩላው ጋ ሲደርስ እግሩን ተከለ።

«እባካችሁ፣ በዳር ልሂድ።»

«በመሃል ውሰዱት» አለች ቴልማ።

ማኪ ማልቀስ የጀመረው ያኔ ነው።