የአያ ታከለ የክርስትና ስም

እኔ «ሙት ተመለሰ» ሲሉኝ «ከዘራውን ረስቶ ይሆናላ!» ብዬ የማላግጥ ሰው ነበርኩ፣ የምፈራውም ደረጃ ብቻ ነው፣ ጉልበቴ ምስክሬ ነው፤ ግን እመኑኝ፣ ይኼን በገዛ ጆሮዬ፣ ያውም በደህናው በግራው ነው የሰማሁት።

ቀሐ ወንዝ አጠገብ በተከራየሁበት ግቢ፣ ከጎኔ ባለችው ክፍል አያ ታከለ የሚባል ብቸኛ ሽማግሌ ይኖር ነበር፣ የጥንት ወታደር። እኔም ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ብቻዬን ነኝ፣ አመሻሽ ላይ ግድግዳዬን በከዘራው ኳ ኳ ሲያደርግ ሄጄ ወሬውን እሰማለሁ።

«በጦርነቱ ጊዜ ሴት መስዬ ጠላት ሰፈር ገባሁ» ይለኛል፣ ድምፁን አቅጥኖ፣ «‹ጌሾ! ጌሾ አለ!› እያልኩ ስንቱን መትረየስ አይቼ ወጣሁ።»

«አያ፣ ምን ዓይነት መልከ ጥፉ ሴት ሆነህ ይሆን!»

«አንተ ዋዘኛ!» ብሎ ይስቃል።

ዘንድሮ በክረምቱ ሞተ። ሊገንዙት የገቡት ወንዶች ወዲያው ወጡና ሴቶች ጠሩ፤ አያ ታከለ ለካስ ሴት ነበረች! ለዘመቻ ጸጉሯን እንደተላጨች በዚያው ወንድ ሆና አርጅታለች። ቄሱ «ስመ ክርስትናዋ ማነው፣ በማን ስም ልፍታት?» ሲሉ እኛ የምናውቀው ያንኑ የወንዱን፣ ወልደ ጊዮርጊስን ነው። ዘመድ የላት፣ የንስሐ አባቷም ቀድመዋት ሞተዋል። «ጌታ ሆይ፣ ስሟን አንተ ታውቃለህ» እያሉ ፈቷትና «ለአርባዋ ፈልጋችሁ አምጡ» አሉን።

የአርባዋ ዋዜማ፣ ገና ሳይጨልም፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ግድግዳዬ ኳ ኳ አለ። አይጥ ነው ብዬ ሽሮዬን ቀጠልኩ፣ እንዲህ ያለሁ ጀግና ነኝ። ወዲያው ከዚያች ከተቆለፈች ክፍል የልጃገረድ ድምፅ፣ «ጌሾ! ጌሾ አለ!» ወጥቼ በመስኮት ባይ ባዶ አልጋ፤ ደጃፉ ላይ ግን እርጥብ የጌሾ ቅጠል። በግቢያችን ጌሾ የሚባል የለም።

«እቴ» አልኩ፣ አያ ማለት ከብዶኝ፣ «ስመ ክርስትናሽን ንገሪኝ፣ ነገ አርባሽ ነው፣ ያለ ስም አትቅሪብኝ!»

ቅጠሉን አንስቼ እስኪጨልም ደጃፉ ላይ ቆምኩ።

ለአርባዋም ስሟን ሳላገኝ ባዶ አፌን ሄድኩ፣ ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ትናንት አመሻሽ ደግሞ ኳ ኳ አለ። «ስምሽን!» አልኩ ተጣድፌ።

«ያንተንስ ማን ልበል?» አለችኝ።

አልነገርኳትም። ግን ቁጭ ብዬ አሰብኩት፣ ሚስቴ የለች፣ የንስሐ አባቴን ከሸሸሁ ዘመን አልፏል፣ ስመ ክርስትናዬን የሚያውቅ ሰው ማን እንደቀረ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ፤ ከእሷ ሌላ የጠየቀኝም የለ።