ዝናብ ከእግር በታች

«ዝናቡ ከእግርህ በታች ይዘንባል» ነበር ያለው እንግዳው። ወይም እንደዚያ የመሰለ ነገር። ወርቂቱ ያኔ ልጅ ናት። ነቀምቴ ውስጥ ከአባቷ የልብስ ስፌት ቤት፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ ከወንድሟ ከፈየራ ጋር በቁርጥራጭ ጨርቅ ይጫወታሉ። የክረምት ከሰዓት ነበር። የእንግዳውን ፊት አላዩትም፤ ያዩት ጭቃ የጠጣ ቦቲ ጫማውንና ጠርዙ የተተለተለ ካፖርቱን ነው። ካፖርቱን ሊያስጠግን መጥቶ፣ ቱሉ ወለል ተራራ ጫፍ ድረስ ወጥቶ መመለሱን ለአባታቸው ለኦቦ ሞረዳ ያወራል። ኦቦ ሞረዳ የስፌት መኪናውን አቆመና «ከላይስ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀ። ሰውየው መለሰ። ልክ በዚያች ቅጽበት ግን ዝናቡ በረታ፤ ቆርቆሮው መልሱን ዋጠው።

ፈየራ ሰምቻለሁ ይላል። «ምንም የለም» ነው ያለው ይላል። ወርቂቱ ደግሞ የሰማችው ከእግር በታች የሚዘንበውን ብቻ ነው። በዚህ ሲከራከሩ አደጉ፤ ሲከራከሩም ጎለመሱ። እዚያው ጠረጴዛ ሥር ሳሉ ግን በአንድ ነገር ተስማምተው ነበር፤ ሲያድጉ አብረው ወጥተው ሊያዩት።

አደጉ። ወርቂቱ የአባቷን የስፌት መኪና ወረሰች፤ ፈየራ የጭነት መኪና ሹፌር ሆነ፣ ከዚያም ጡረታ ወጥቶ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነ። ጥር በመጣ ቁጥር «ለሚመጣው ዓመት» ይላል። አንዱን ዓመት ቡና ለቀማ ነው፣ አንዱን ዓመት ጉልበቱ ነው። መንገዱ የተዘጋባቸው ዓመታትም ነበሩ፤ እነሱን እንኳ በሱ አታሳብብም። መንገዱ በተከፈተ ዓመት ጥርም አለፈ፣ የካቲትም አለፈ። መጋቢት ሲገባ ወርቂቱ የተማሪዎቹን ዩኒፎርም ሰፍታ አስረከበችና የመኪናውን ራስ በነጭ ጨርቅ ሸፈነችው። ሃምሳን ተሻግራለች፤ ደረጃ ስትወጣ ግራ ጉልበቷ ይንቋቋል። ዘንድሮ ካልሆነ እንደማይሆን ታውቃለች።

«ወርቄ፣ በቃሬዛ ነው የምትመለሺው» አላት ፈየራ። «ደግሞ እኔ አልሸከምም።»

«አንተ መቼ ተሸክመህ ታውቃለህ» አለችው ሻንጣዋን እየዘጋች።

አብሯት የሄደው ጎረቤቷ አናጢው ፋንታሁን ነው። ወላጆቹ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው አንገር ጉቲን የሰፈሩ ናቸው፤ እሱ እዚያው ሜዳ ላይ ተወልዶ አደገ። ወሎን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ሆኖም የወሎ ሰው ተራራ እንደማይፈራ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሮ፣ መጥረቢያውን በጆንያ ጠቅልሎ ተከተላት።

ጊምቢን አለፉ። ደምቢ ዶሎ አድረው በጭነት ፒካፕ ሙጊ ገቡ። ከዚያ ወዲያ በእግር ሆነ። ሙጊ ላይ ያገኟቸው ሰዎች ዝናቡ ዘንድሮ መቸኮሉን፣ ጫፉ ከእንግዲህ አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ቢገለጥ ነው እንጂ ከዚያ በኋላ ተሸፍኖ እንደሚከርም ነገሯቸው። ወርቂቱ አመስግና እርምጃዋን አፈጠነች።

ከቡናው ጥላ ወጥተው ወደ ጫካው እንደገቡ ሰማዩ ጠቆረ። ነፋሱ የዛፎቹን ራስ ይዞ ናጠ። በረዶ ወረደ፤ ቅጠሉን ቀደደ፣ ትከሻቸውን ቀጠቀጠ። ጠዋት ሰዎች ጫማ ሳያወልቁ የተሻገሩትን ጅረት ሲደርሱበት ቀይ ጎርፍ ሆኖ ጉቶ ያንከባልላል። ፋንታሁን አንድ ረጅም ግንድ ቆርጦ ጣለበት። ወርቂቱ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ቋጠረች፣ ግንዱን ተቀምጣበት እየተጎተተች ተሻገረች። ከወዲያ ማዶ ስትቆም ፊቷ ይስቅ ነበር።

ከጅረቱ በላይ ጉም ጠበቃቸው። ዛፎቹ ከጉሙ ውስጥ አንድ አንድ እያሉ ይመጣሉ፣ ተመልሰውም ይጠፋሉ። ከላይ ሲዘሉ የነበሩት ጉሬዛዎች ድንገት ጸጥ አሉ። ፋንታሁን አሸተተ። የበረት ሽታ ነው።

«ከብት አለ» አለ ደስ ብሎት። «ከብት ካለ ሰው አለ፣ አዴ ወርቂቱ።»

ከብት አልነበረም። ቁጥቋጦው ተሰነጠቀና ጥቁር ጎሽ ወጣ። ግንባሩ ላይ ቀንዱ እንደ ቀንበር ተጋድሟል፤ ጭቃ ከሆዱ ይንጠባጠባል። ቆመ። ተነፈሰ። ራሱን ዝቅ ሲያደርግ ፋንታሁን ጆንያውን ጣለ፣ ወርቂቱ ሻንጣዋን ወረወረች፣ ሁለቱም ወደ አንድ ዛፍ ሮጡ። ማን ማንን እንደገፋ በኋላ ሁለቱም አላስታወሱም። ወርቂቱ ቅርንጫፍ ላይ ስትደላደል ፋንታሁን ከሷ በላይ ነበር።

ጎሹ ሻንጣውን በቀንዱ አነሳ፣ መሬት ላይ ደበደበው፣ ረገጠው። ዳቦውና ቆሎው ከጭቃው ጋር ተለወሰ፤ የዝናብ ሸራው ተተለተለ። ዛፉን ሁለት ጊዜ ዞረ። ከዚያ እንደ አመጣጡ ወደ ጉሙ ገባ።

«የወሎ ሰው» አለች ወርቂቱ ወደ ላይ እያየች።

«ተራራ አልኩ እንጂ ጎሽ አላልኩም» አለ ፋንታሁን።

የቀራቸው ከጭቃው ያነሱት መጥረቢያ፣ የወርቂቱ የእጅ ስልክና በፋንታሁን ኪስ ውስጥ ሳይርስ የተረፈው ክብሪት ብቻ ነበር። ልብሳቸው ርሶ ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ፣ ሊመሽ ሲል አንድ የተንጠለጠለ ቋጥኝ አገኙ። ከሥሩ መሬቱ ደረቅ ነው። ጥግ ላይ ከተሰነጠቀ ቀርከሃና ከሐረግ የተሠሩ፣ ጭስ ጭስ የሚሉ ረጃጅም ቅርጫት መሳይ ነገሮች ተደርድረዋል። ሰው ጥሎት የሄደ ያረጀ ቅርጫት መሰላቸው። ወርቂቱ አንዱን ጎተተች፣ ፋንታሁን በመጥረቢያው ፈለጠው፣ ክብሪቱን እሷ ጫረች። እሳቱ ወዲያው ያዘ። እጆቿን ዘርግታ ስለ እሳቱ አምላኳን በዝግታ አመሰገነች።

ጠዋት የነቁት በሰው ድምፅ ነው። ሦስት ሰዎች ከቋጥኙ አፍ ቆመዋል። ትልቁ ኦቦ ጂሩ የሚባል ሽበታም ሰው ነው፤ በትከሻው የጠፍር ገመድ ጠምጥሟል። የወንድሙ ልጅ ነመራ ጦር ይዟል። ሦስተኛው ገጀራ። ወርቂቱ «አካም ቡልተኒ» ብላ እንዴት አደራችሁ አለቻቸው። ማንም አልመለሰላትም። በዚያ አገር ሰላምታ ሳይመለስ ሲቀር ነገሩ ከባድ ነው።

ኦቦ ጂሩ ከአመዱ ውስጥ ሳይቃጠል የቀረ የቀርከሃ ቀለበት አወጣ። አሸተተው። ያቃጠሉት ቅርጫት አልነበረም፤ ቀፎ ነው። አዲስ ተሠርቶ፣ ንቡ ሽታውን ወዶ እንዲገባበት ታጥኖ፣ ረጅም ዛፍ ላይ ሊሰቀል ተራ የሚጠብቅ ቀፎ። ፋንታሁን ሊያስረዳ ሞከረ። በእሱ አገር ቀፎ ማለት እበት ተመርጎ ቤት ጥግ የሚቀመጥ ነው፤ ይሄ እንደዚያ አይመስልም አለ።

«አገርህ የት ነው?» አለ ነመራ ጦሩን ከእጅ ወደ እጅ እያዛወረ። «እዚህ ነው ወይስ እዚያ?»

ወርቂቱ ብድግ ብላ በሁለቱ መሀል ቆመች።

«ጎረቤቴ ነው» አለች። «ክብሪቱን የጫርኩት እኔ ነኝ። ከእኔ ጋር ተነጋገር።»

ነመራ በመጡበት ይውረዱ፣ አሁኑኑ ይውረዱ አለ። ኦቦ ጂሩ ዝም አሰኘው። የተናደደ አይመስልም፤ ያዘነ ነው የሚመስለው።

«ገተማው ሊያብብ ነው» አለ ወደ ዛፎቹ እያመለከተ። «ንቡ ቤት ፈልጎ ሲመጣ ምን ልበለው?»

ወርቂቱ ያን ጊዜ አንገቷን ደፋች። የሰው ቤት አንድዳ ሞቃለች፤ ሞቃም አመስግናለች።

«ምን እንሥራ፣ ኦቦ?» አለች።

«ቀፎ።»

ቀና ስትል ተራራውን አየችው። ጉሙ ሌሊት ተጠርጎ ሄዷል። ከጫካው በላይ የቱሉ ወለል ጫፍ ሰማያዊ ሰማይ ላይ ተገትሯል፤ ቋጥኙ፣ ሣሩ፣ ስንጥቁ ሁሉ ይቆጠራል። ዕድሜዋን ሙሉ ያሰበችው ነገር በግማሽ ቀን መንገድ ላይ ቆሞ ያያታል። ፋንታሁን ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ቀኑ ዛሬ ነው፣ አዴ። ነገ ይዘጋል። ቀፎውን ስንወርድ እንሥራለት።»

ኦቦ ጂሩ ሰምቷል። ቀፎው ዛሬ ተሠርቶ ዛሬ ካልታጠነ ለአበባው እንደሚዘገይ ነገራቸው። ወርቂቱ ተራራውን ደግማ አየችው። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች።

«መጀመሪያ የሰውየውን» አለች።

ዋሉበት። ፋንታሁን ቀርከሃ ቆረጠ፣ ሰነጠቀ፣ ላገ፤ በእንጨት ነገር እጁ የታመነ ነው። ኦቦ ጂሩ ቀለበቶቹን አጠፈ፣ አያያዙን በእጁ እያሳየ አስተማራቸው። ወርቂቱ ሐረጉን በቀርከሃው መሀል እያሾለከች ጠለፈች። ሐረጉ መዳፏን ቀደደ፣ እሷ ግን የለመደችውን የእጅ ስፌት አልለወጠችም፤ ጥብቅ፣ አጭር፣ እኩል። ቀና ባለች ቁጥር ተራራው አለ። ቀትር ላይ አለ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ወርቅ ለብሶ አለ። ከዚያ ከምዕራብ በኩል ደመና መጥቶ ከትከሻው ጀምሮ ሸፈነው።

ኦቦ ጂሩ ያለቀውን ቀፎ አንስቶ ስፌቱን በአውራ ጣቱ ገፋው። አልላላም። ደግሞ ገፋው። ከዚያ ለነመራ አቀበለው፤ ነመራም ጦሩን ግንድ ላይ አስደግፎ ሊያጥነው ወሰደው። ማታ ከማር ጋር ቂጣ አቀረቡላቸው። ቂጣውን ለፋንታሁን የሰጠው ነመራ ነው። «ብላ፣ የሁለት አገር ሰው» አለው፤ ፋንታሁንም ስቆ ተቀበለው።

ሲነጋ ዓለም ሁሉ ነጭ ሆኗል። ዝናቡ ይንጠባጠባል። ፋንታሁን ወጥቶ አየና ተመልሶ ተቀመጠ። ወርቂቱ ጫማዋን ለመውረድ አሰረች። ቅር እንዳትሰኝ ከራሷ ጋር ትታገላለች፤ ግማሹን አሸንፋለች።

ኦቦ ጂሩ ገመዱን ትከሻው ላይ ጠምጥሞ መጣ።

«እንሂድ» አለ።

«ወዴት?»

«ወደ ላይ ነዋ። ደመናው ዛሬ ዝቅ ብሎ ተኝቷል። ተኝቶ ሳለ እንለፈው።»

ተከተሉት። ጫካው ወደ ቀርከሃ፣ ቀርከሃው ወደ አስታ ቁጥቋጦ ተለወጠ። ከአስታው ቅርንጫፍ እንደ ጺም የተንጠለጠለው የዛፍ ሽበት ውሃ ያንጠባጥባል። የጅብራ ተክሎች ከጉሙ ውስጥ እንደ ሰው ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ወርቂቱ ሁለት ጊዜ ሰው መስሏት ሰላም ልትል ነበር። አየሩ ሳሳ። ግራ ጉልበቷ ተናገረ፣ ቀጥሎ ጮኸ። ሣሩ አንሸራተታት፤ በእጇ ቧጥጣ ተነሳች። ጫፉ ሊደርሱ ሲሉ እርጥብ ቋጥኝ እንደ ግድግዳ ቆሞ መንገዱን ዘጋው።

ኦቦ ጂሩ ዛፍ እንደሚወጣ ሰው ወጣው። ቀፎ የሚሰቅልበትን ጠፍር ከላይ ወረወረላት። ወገቧ ላይ አሰረችው። «አትዪ» አላት፤ ወደ ታች ማለቱ ነው። አላየችም። ጣቷን ስንጥቅ ውስጥ ከተተች፣ ጫማዋን አሻሸች፣ ገመዱ ጠበቀ፣ ተሳበች። ጉልበቷ ተላጠ። በመሀል እግሯ ከዳትና ተንጠለጠለች፤ የጠፍሩ ድምፅ ሲንቋቋ ሰማችው። አንዲት አጭር ጸሎት አለች፣ ሌላ ስንጥቅ ፈለገች፣ አገኘች። በክርኗ ከአፋፉ በላይ ስትወጣ ፀሐይ ፊቷን መታት።

ጉም የለም። ከሥሯ ግን ደመናው እንደ ተባዘተ ጥጥ እስከ አድማስ ተዘርግቷል። በስተምዕራብ፣ ወደ ቆላው በኩል፣ ደመናው ተቀዶ ግራጫ ዝናብ ይወርዳል፤ ከእግሯ በታች። መብረቁ እንኳ ከታች ነው የሚበራው። ፋንታሁን ከኋላዋ ወጥቶ አጠገቧ ቆመ። ትናንት ወጥተው ቢሆን ሜዳውን ሁሉ ባዩት ነበር። ይህን ግን አያዩም ነበር።

ዞር ብላ ጫፉን ፈለገችው። ሣር አለ። ድንጋይ አለ። ነፋስ አለ። ሌላ አልነበረም። ብቻዋን ሳቀች።

ስልኳ ከየት እንዳገኘው የማይታወቅ ኔትወርክ ይዟል። ደወለች።

«የት ነሽ?» አለ ፈየራ።

«ላይ።»

«ማን ተሸክሞሽ?»

«እግሬ። ትንሽ ደግሞ የኦቦ ጂሩ ገመድ።»

ከፈየራ ጀርባ የሚያንኳኳ ነገር ይሰማታል። ነቀምቴም እየዘነበ ነው፤ ቆርቆሮ ላይ። አባታቸው የጠየቀውን ጠየቃት። «ከላይስ ምን አለ?»

«ምንም የለም» አለችው። «በትክክል ነው የሰማኸው፣ ፈየራ።»

ያን ሁሉ ዘመን የተከራከረበትን አሸነፈ፤ በድምፁ ግን ደስታ የለም። «ያንቺስ?» አለ ቀስ ብሎ። «ያ ዝናቡ?»

«እሱም አለ። አሁን ከእግሬ በታች እየዘነበ ነው። አንተ ግን ካላየኸው ግማሽ ነው፤ አብረን ነበር የሰማነው።»

የቆርቆሮው ድምፅ በረታ። ወርቂቱ ነፋሱን በመዳፏ ከልላ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች፤ መልሱ እንደዚያን ጊዜ እንዳይዋጥባት ትንፋሿን ያዘች።

«በጥር» አለ ፈየራ። «ጉልበቴ እንደሆነ ለቅሶውን አይተውም፤ ይውጣና ያልቅስ። ለሰውየው ገመዱን እንዳይጥል ንገሪልኝ። በጥር እወጣለሁ።»