እሁድ የተጻፈው መስመር

ፌሌቲን ከወደቀበት የብረት ቁም ሣጥን ሥር ያወጡት እሁድ ቀትር ላይ ነው። ሰኞ ጠዋት ሳጅን ሜሌአና ስትደርስ መንደሩ ፍርዱን ጨርሷል፦ የገደለው ሬዲዮ ሰባት ነጥብ አራት ያለው የመሬት መንቀጥቀጥና የሴሚሲ ቸልተኝነት ነው።

ሴሚሲ ከሟቹ ጋር የመንቀጥቀጥ መለኪያውን ሃያ ዓመት ጠብቋል። ዓርብ የመለኪያውን ክፍል ግድግዳ ሊቀባ ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ጋር የሚያስሩትን ብሎኖች ፈትቶ አልመለሳቸውም። አሁን ደጅ ቆሟል፤ መበለቲቱ ቶአካሴ ቀብር እንዳይደርስ ከልክላዋለች።

«እሰሪኝ፣ ልጄ» አለ።

«ይቆዩ እስቲ ጋሽ ሴሚሲ፤ እስር ቤቱ ዛሬ ይጸዳል። ሲንቀጠቀጥ የት ነበሩ?»

«ቤተ ክርስቲያን። ከሦስት ተኩል ጀምሮ ደወሉ ጋ ነበርኩ። መብራቱ ትንሽ ወዝወዝ አለ፤ ሰባኪው እንኳ ልብ አላሉትም።»

«ጥልቅ ነበር ማለት ነው?»

«የመለኪያውን ወረቀት አላየሁም። እሱ ሞቶ ምኑን ልይ?»

ቶአካሴ አስከሬኑ ራስጌ ተቀምጣለች። አታለቅስም።

«ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ቀረ። እኔ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ከመዘምራኑ ጋር ነበርኩ። ወንድሙ ኢኖኬ እንኳ ከመጀመሪያው መዝሙር በኋላ ነው የገባው።»

«ይስማሙ ነበር?»

«የአባታችንን መሬት አካፍለኝ እያለ ዓመቱን ሙሉ አደረቀው።»

ኢኖኬ ሐዘንተኛ የሚታጠቀውን ምንጣፍ ወገቡ ላይ አጥብቆ አሰረ። «ሲንቀጠቀጥ ከመቶ ሰው ጋር እዘምር ነበር፣ ሳጅን። በዚያ መለኪያ ደግሞ አትድከሚ፤ እሁድ ወረቀቱ አይቀየርም። እኛ ጋ እሁድ ማን ይሠራል?»

ሜሌአና ወደ መለኪያው ክፍል ገባች። ከወደቀው ቁም ሣጥን አጠገብ፣ መደርደሪያው ጠርዝ ላይ ሦስት ኩባያዎች እንደተደረደሩ ናቸው። የመለኪያው ከበሮ አሁንም ይሽከረከራል። የቅዳሜው ወረቀት ላይ መስመር በመስመር ላይ ተደርቧል።

ሴሚሲን ጠርታ አሳየችው፤ እያንዳንዱን መስመር አብረው አነበቡ። ከዚያ ሁሉንም አስከሬኑ ዙሪያ ሰበሰበች።

«ፌሌቲ እሁድ ወረቀት አይቀይርም ነበር፤ ሥራ ነውና። እሁድ ጠዋት መስመሩን የምትጽፈውን መርፌ ወደ ወረቀቱ መጀመሪያ መመለስ ግን ሥራ አይደለም ይል ነበር። አይደል ጋሽ ሴሚሲ?»

«ሃያ ዓመት የተከራከርንበት ነው።»

«ስለዚህ የእሁዱ መስመር በቅዳሜው ላይ ተጽፏል። መንቀጥቀጡ አራት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ አለ፤ ከእግራችን በታች አምስት መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ላይ የተነሣ ነው። የባሕሩ ወለል ከደሴቶቻችን ሥር ጠልቆ ይገባና እዚያ ታች ይሰበራል። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ እኛ ጋ ሲደርስ ግን ደክሟል። ኩባያ ያልጣለ መንቀጥቀጥ ብረት አይጥልም፣ ብሎን ቢፈታም። ደግሞም ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ሌላ ምልክት አለ፤ አጭርና ወፍራም፣ እዚያው ወለሉ ላይ የወደቀ ነገር። ቅዳሜ የወደቀ ነገር የለም።»

ወረቀቱን አስከሬኑ አጠገብ ዘረጋችው።

«ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ሴሚሲ ደወሉ ጋ ነበሩ። እርስዎ፣ ቶአካሴ፣ ከመዘምራኑ ጋር። ኢኖኬ፣ አንተስ?»

ኢኖኬ እጆቹን አየ። «ገፋሁት። ቁም ሣጥኑን ይዞ ወደቀ። ከዚያ ሬዲዮው ተናገረ፤ እኔም ዝም አልኩ።» ድምፁ የዕቃ ዋጋ እንደሚናገር ሰው ድምፅ ነበር።

ሜሌአና ስትወስደው ማንም አልተነሣም። ሴሚሲ በሩ ላይ እንደቆመ ነው።

«የፌሌቲን እግር ያዝልኝ» አለችው ቶአካሴ። «የሬሳ ሳጥኑ መጥቷል።»

ገብቶ ያዘላት።