የቄስ ዘበነ ድምፅ

ፈጠራ የመሰለው ካለ ወለላን ይጠይቅ። እሷ እዚያው ቤት ውስጥ ነበረች።

እስራኤል፣ ሐደራ ከተማ፣ ቤት ኤሊዔዘር ሰፈር። እንደ ፈረንጆቹ 1994፣ በጋ...

ባሏ ማንያዘዋል ከጎንደር የመጡት የቤተ እስራኤል ካህን፣ የቄስ ዘበነ ልጅ ነው። ኢየሩሳሌም ያለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ብቻ አይሰበስብም። ከየመን፣ ከቡኻራ፣ ከሞሮኮ የመጡ አይሁዶችን ጸሎትና ዘፈን በካሴት ያስቀምጣል። የቤተ መጻሕፍቱ ሰዎች የጎንደሩንም ፈልገው ቄሱ ዘንድ መጡ።

ቄሱ እምቢ አሉ።

"መጽሐፌን ውሰዱ። ድምፄን ግን አልሰጥም።"

ማንያዘዋል አባቱ ሲሞቱ ዜማው አብሮ እንዳይቀበር ፈራ። ማልደው ሲጸልዩ ቴፑን ከመጋረጃ ኋላ ደበቀ። ቀዳ። ወስዶ ለቤተ መጻሕፍቱ ሰጠ።

በማግስቱ ቄሱ አፋቸውን ከፈቱ...

ድምፅ የለም።

ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ትንፋሽ እንኳ አይሰማም። ሐኪሙ አገላብጦ አየና፣ "ምንም የለባቸውም" አለ።

አባቱ አልተቆጡትም። ብቻ ያዩታል።

እሱ ነው የባሰው። እህል መቅመስ ተወ።

ሳምንት ሳይሞላ ኢየሩሳሌም ሄደ። በቤተ መጻሕፍቱ ካሴቶቹን የምትጠብቀው ዮኒት፣ ያገሩ ልጅ ናት፣ ደጅ ላይ ጠበቀችው። ፊቷ ገርጥቷል።

"ጋሼ... ከጸሎቱ በኋላ ሌላ ነገር ቀድተው ነበር?"

"ኧረ ምንም!"

አስገብታ ካሴቱን ከፈተችው። ጸሎቱ አለቀ። ካሴቱ ሽሽሽ... አለ። ከዚያ የአባቱ ድምፅ፣ በሹክሹክታ...

"ልጄ... እዚህ ብዙ ሰው አለ።"

ሽሽሽ...

"ሁሉም መውጣት ይፈልጋል።"

ዮኒት ካሴቱን መንጭቃ እጁ ላይ አኖረችው። "ዳይ፣ ይበቃል! ይውሰዱልኝ።"

ሐደራ እስኪደርስ አውቶቡስ ላይ ደረቱ ላይ አቅፎት መጣ። ቤት ገብቶ አባቱ እግር ሥር ተንበረከከ።

"አባቴ፣ ሰርቄዎታለሁ። ይኸው መለስኩ። ይቅር ይበሉኝ።"

ቄሱ ካሴቱን ተቀበሉ። ራሱን ዳበሱት። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ።

ድምፅ ወጣ!

የትንሽ ሴት ልጅ ድምፅ...

በቤቱ ማንም በማያውቀው ቋንቋ ትዘፍናለች።

ወለላ ጮኸች። ቄሱ በሁለት እጃቸው አፋቸውን አፈኑ። ዓይናቸው ልጃቸው ላይ ተተክሎ እንባ ያወርዳል።

ዘፈኑ ግን አላቆመም።