የእሁድ ጠዋት ልኬት

ድድ-ድድ-ድድ። ድድ-ድድ-ድድ።

ፍራኦል ከሚያቃጥል ፀሐይ ድንገት ወደ ሱቁ ስለገባ ዓይኑ ገና ምንም አላየም። የሰማው ድምፁን ብቻ ነው። ውስጥ የሆነ ቦታ የኮምፒውተር ድምፅ ማጉያ ይንተከተካል።

«ስልክ ሊጠራ ነው» አለ ከልማድ።

«የማን ስልክ?» አለችው አንዲት ሴት ከጨለማው ውስጥ።

አፉን ሳይከፍት ስልኩ ጠራ።

ከዚያ ሳቋ መጣ፣ ሊቆም ሲል እንደገና የሚነሳ ዓይነት ሳቅ። «ጠንቋይ ነህ እንዴ?»

«ኧረ የኔትወርክ ለኪ ነኝ።»

ዓይኑ ጨለማውን ሲለምድ መጀመሪያ ያየው እሷን ነው። የሚጮኸውን ስልክ እንደ ጫጩት በሁለት እጇ ይዛ፣ ሳታነሳው፣ እሱን ታያለች።

«አንሺው እንጂ።»

«ይጥራ። መጀመሪያ እንዴት እንዳወቅክ ንገረኝ።»

ነገራት። የድሮው ኔትወርክ ጥሪ ከመድረሱ በፊት ስልኩና የኩባንያው ማማ ጮክ ብለው እንደሚነጋገሩ፣ አጠገቡ ያለ ድምፅ ማጉያም ወሬያቸውን እንደሚሰማ። አዲሱ፣ ፈጣኑ ኔትወርክ ግን እንዲህ እንደማይጮህ። «እሱ ሳይናገር ነው የሚመጣው» አላት።

«ሳይናገር የሚመጣ ነገር አልወድም» አለችና ስልኩን አነሳች።

ራህዋ ነበር ስሟ። ፍራኦል የመጣው ለላፕቶፑ የሚሆን ገመድ ሊገዛ ነበር። ገመዱን ረስቶ ወጣ።

*

ዓመቱ በፈረንጆቹ 2008 ነው። ናይሮቢ ውስጥ ጅራኒና ምቤሌ የሚባሉ ሁለት የሞባይል ኩባንያዎች ፈጣን ኢንተርኔት ለማዳረስ ይሽቀዳደማሉ። ዌስትላንድስ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ደግሞ የትኛው የት ሰፈር እንደሚፈጥን እያወዳደረ ካርታ ያወጣል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ከአዳማ የመጣው ፍራኦል የዚያ ካርታ እግር ነበር። በአሮጌ መኪና ከተማውን ይዞራል፤ የሁለቱ ኩባንያዎች ሞደሞች ዳሽቦርዱ ላይ ጎን ለጎን ተጋድመዋል፤ ላፕቶፑ ጉልበቱ ላይ ነው። የፈጠነበት መንገድ ካርታው ላይ አረንጓዴ ይሆናል፣ የተንቀራፈፈበት ቀይ።

ሩንዳ ቀኑን ሙሉ አረንጓዴ ነው፤ ግቢው ሰፊ፣ ሰዉ ጥቂት። ዌስትላንድስ ማለዳ አረንጓዴ ሆኖ ይቆይና ሠራተኛው ቢሮው ሲገባ ይቀላል። አንዱን ማማ ሰፈሩ ሁሉ ስለሚካፈለው፣ መለካት ያለበት ሰዉ በሚጠቀምበት ሰዓት ነው። ይህን ፍራኦል ከማንም በላይ ያውቃል።

የራህዋ ሱቅ ያለበትን ሳውዝ ሲን ግን የሚለካው እሁድ ጠዋት ብቻ ነበር።

ለአለቆቹ «በሥራ ቀን የሞምባሳ መንገድ አያሳልፍም» ብሏቸዋል። መንገዱ በእርግጥ አያሳልፍም። እውነተኛው ምክንያት ግን የራህዋ አባት አቶ ክፍለማርያም እሁድ ጠዋት ቤተክርስቲያን መሄዳቸው፣ ሱቁን የምትከፍተውም እሷ ብቻ መሆኗ ነው።

«ምቤሌ ይህን ማማ ለአንተ ፍቅር ነው እንዴ ያቆመው?» ይለዋል ሾፌሩ ሀምዱ፣ የድሬዳዋ ልጅ፣ መኪናውን ጥላ ሥር እያቆመ። «በሥራ ቀን ካልለካኸው ይህ ልኬት አይባልም ወንድሜ። ጉብኝት ነው።»

«ዝም በል ሀምዱ።»

«እኔማ ዝም ብያለሁ። ካርታው ነው የሚናገረው።»

ፍራኦል ይስቅና ላፕቶፑን ታቅፎ ይገባል። ራህዋ ወንበሯን ታስጠጋለች። ከጎኑ ተቀምጣ የሁለቱን ኩባንያዎች መስመር ታያለች፤ የጅራኒው ከታች ይንፏቀቃል፣ የምቤሌው ወደ ላይ ይመነጠቃል። መስመሩ ከፍ ሲል ትንፋሿን ትይዛለች። ትከሻዋ ትከሻውን ነክቶ ይቆያል። ሁለቱም እንዳላወቁ ሆነው መስመሩን ያያሉ።

«ሁሌ እንዲህ ይፈጥናል?» አለችው አንድ እሁድ።

«ዛሬ ሰዉ ተኝቷል» አላት። «እኛ ብቻ ነን ያለነው።»

ዞር ብላ አየችው። ያየችው ስለ ኔትወርክ በሚያስብ ዓይን አልነበረም።

*

አቶ ክፍለማርያም አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ፊደል ሲለቅሙ ያረጁ የአስመራ ሰው ናቸው። ደርግ ከመውደቁ በፊት የተማሩት አማርኛ አሁንም እንደ ታተመ ገጽ ንጹሕ ነው። ፍራኦል በሥራ ቀን ዕቃ ሊገዛ ብቅ ሲል በክብር ይቀበሉታል፤ ወንበር ይስቡለታል፤ ከዚያ በሩ እንዳይዘጋ በድንጋይ ያስደግፉታል። ለምን እንደሆነ አይናገሩም። ቤት ውስጥ ልጃገረድና ጎረምሳ ካለ በር ክፍት ይሆናል፣ በቃ።

አንድ ማክሰኞ ድንጋዩን በእግራቸው አስተካክለው አጠገቡ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ አንተ የሙያው ሰው ነህ። ትልቋ ልጄ ተብለጽ ስቶክሆልም ልታገባ ነው። ቪዛ ከለከሉኝ። ሙሽራ አባቷ ሳይመርቃት፣ ጉልበቱን ሳትስም ከቤት አትወጣም። እና በኮምፒውተሩ እያየኋት ልመርቃት ነው። ፊቷን ካየሁ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ከሁለቱ ኩባንያዎች የትኛውን ላስገባ?»

ፍራኦል ካርታውን ከፈተ። የጅራኒው ሳውዝ ሲ ቢጫ፣ የምቤሌው አረንጓዴ።

«ይህ አረንጓዴ የኛ ሰፈር ነው?»

«አዎ አባባ።»

«በየትኛውም ሰዓት?»

ራህዋ ከአባቷ ጀርባ ቆማ ነበር። ፍራኦል ቀና ሲል ዓይኗ ጋ ደረሰ። «የለካሁት እሁድ ጠዋት ነው» ካለ፣ «እሁድ ጠዋት እኔ ቤት ምን ትሠራ ነበር?» ይመጣል።

«አዎ» አለ። «ማለቴ… አዎ።»

ሽማግሌው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «እግዚአብሔር ይስጥህ። ምቤሌን አስገባለሁ።»

ያ እጅ ከትከሻው አልወረደም። መኪና ውስጥም፣ አልጋው ላይም አብሮት አለ።

*

ሰርጉ ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሀምዱን ለምኖ ሳውዝ ሲን ምርቃቱ በሚሆንበት ሰዓት ለካ። ምቤሌ ሞደሙን በቅናሽ ሲሸጥ ከርሟል፤ ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ሁሉም ገዝቷል። መስመሩ ተነሳ፣ ተንገዳገደ፣ ወለል ላይ ተኛ። ጅራኒም ከሱ አይሻልም። ሀምዱ መስመሩን አየ፣ እሱንም አየ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም።

ሊናገር ሱቁ ገባ። አቶ ክፍለማርያም አዲስ ሱፍ ለብሰው መስተዋት ፊት ቆመዋል። ከወንበራቸው ኋላ ነጭ መጋረጃ ሰቅለዋል፣ ልጅቷ አባቷን ስታይ የተላጠውን ግድግዳ እንዳታይ። ጎረቤቶች ተጠርተዋል።

«እንዴት ነው፣ ሚዜ አልመስልም?» አሉት።

«ያምርብዎታል አባባ» አለ። ሌላ ምንም አልወጣውም።

ራህዋን በር ላይ አገኛትና ለእሷ ነገራት። ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ።

«ንገረዋ። ገና ሳምንት አለ።»

«ከነገርኳቸው ስለኛ ይጠይቃሉ።»

«ይጠይቅ።»

«ነገ እነግራቸዋለሁ።»

«እኔን ልትጠብቀኝ ነው ዝም ያልከው ወይስ ራስህን?» አለችው በዝግታ።

በማግስቱ እሁድ አልመጣም። ሰኞም አልነገረም። በየቀኑ አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቶ ከቤቱ ይወጣል፤ ማታ ያንኑ ይዞ ይመለሳል። አርብ ሲደርስ፣ ምናልባት ነገ ሰዉ አይበዛ ይሆናል ብሎ ተስፋ ማድረግ ጀመረ። ተስፋውም እንደ ስርቆት ከበደው።

*

ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁ ሞልቶ ነበር። አቶ ክፍለማርያም ከመጋረጃው ፊት ተቀመጡ። በሩ በድንጋይ ተደግፏል። ፍራኦል ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ ብሏል።

ተብለጽ መጣች። ነጭ ቀሚስ፣ ሹሩባ፣ አንገቷ ላይ ወርቅ። ፊቷ ስክሪኑን ሞላው። ሽማግሌው ተነሥተው እንደገና ተቀመጡ፤ እጃቸውን ዘረጉ።

ከዚያ ምስሉ ቆመ። ዓይኗ ግማሽ ተከድኖ፣ አፏ የሆነ ቃል ሊጀምር ተከፍቶ።

«ተብለጽ? ትሰሚኛለሽ?»

ምንም የለም።

«ደረቀች እኮ» አሉ ጎረቤቷ ወይዘሮ የሺወርቅ። «እንደ ግድግዳ ፎቶ።»

ፍራኦል ሞደሙን ነቅሎ ሰካ፣ መስኮት ላይ አደረገው፣ ከፍ አድርጎ ያዘው። መስመሩ እየተቆረጠ ለመነሳት ሲሞክር ያየዋል፤ የዚያን ሰዓት ሳውዝ ሲን በሙሉ በዓይኑ ያያል፣ እያንዳንዱ ሰው ሞደሙን ሰክቶ ማማውን ሲጎትት።

«ፍራኦል ልጄ፣ ምን ሆነ?»

ዞሮ ፊታቸውን አየ።

«ኩባንያው ነው አባባ» አለ። «ዛሬ የሆነ ብልሽት ገጥሟቸው ይሆናል።»

ራህዋ አየችው። እሁድ ጠዋት ያየችበትን ያን ዓይን መልሳ የወሰደች መሰለው።

«አቦይ፣ ኩባንያው አይደለም» አለች ለአባቷ። «ሰፈራችንን የለካው እሁድ እሁድ ጠዋት ነው። አንተ ቤተክርስቲያን ስትሄድ፣ ሰዉ ሁሉ ተኝቶ። ለዚህ ነው ካርታው አረንጓዴ የሆነው። እኔም አጠገቡ ነበርኩ። ሁልጊዜ።»

ወይዘሮ የሺወርቅ ምድጃ ላይ የተውት ነገር ትዝ አላቸውና ወጡ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏቸው።

አቶ ክፍለማርያም ስክሪኑ ላይ የቆመችውን ልጃቸውን ያያሉ እንጂ እነሱን አላዩም። ቢቆጡት ፍራኦል በቀለለው ነበር።

«እውነቷን ነው» አለ። ዘግይቶ እንደሆነ እያወቀ። «ባለፈው ቅዳሜ ለክቼ አውቄ ነበር። ልነግርዎት መጥቼ ሱፉን ለብሰው አየሁና… አልቻልኩም። ጥፋቱ የኔ ነው። የእሷ አይደለም።»

እጁ ኪሱ ገባና አሮጌ ስልኩን አወጣ። የጅራኒ መስመር ነው፤ ምስል አያመጣም፣ ድምፅ ግን ያደርሳል። «ቁጥሯን ንገሪኝ» አላት ራህዋን። ሳታየው ነገረችው።

ድድ-ድድ-ድድ፣ አለ የኮምፒውተሩ ድምፅ ማጉያ። ሦስቱም ሰሙት።

«አቦይ? አቦይ፣ አለህ?» አለች ተብለጽ።

ሽማግሌው ስልኩን ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ፣ ከቆመው ፊት ሥር አስቀመጡት። ድምፁ ከስልኩ፣ ፊቷ ከስክሪኑ። እጃቸውን ዘርግተው በትግርኛ መመረቅ ጀመሩ። ፍራኦል ትግርኛ አያውቅም፤ አሜን የሚባልበትን ቦታ ግን ለየ። ጮክ ብሎ ማለት አፈረ። በልቡ አለ።

«ምነው ጉልበትህን ብስም» አለች ተብለጽ ከስልኩ ውስጥ፣ እያለቀሰች።

ራህዋ ተንበረከከች። የአባቷን ግራ ጉልበት ሳመች፣ ከዚያ ቀኙን። «እኔ ስሜልሻለሁ» አለቻት። ሽማግሌው ምርቃቱን ለአንዷ ይሁን ለሌላዋ ሳይለዩ ቀጠሉ፤ እጃቸው የራህዋ ራስ ላይ ነበር።

ስልኩ ተዘጋ። ራህዋ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። እሷ ከጠረጴዛው በዚያ፣ ፍራኦል በዚህ፤ በመሃላቸው ሙሽራዋ ዓይኗን ግማሽ ከድና ቆማለች።

«አባባ፣ እኔ…» አለ ፍራኦል።

አቶ ክፍለማርያም እጃቸውን አነሡ። አልተቆጡም፣ ዝም እንዲል ብቻ ነው። ኮፍያቸውን ከምስማሩ አወረዱ። ራህዋን አዩ። እሱንም አዩት፣ ረዘም አድርገው፣ የታተመ ገጽ ላይ ስህተት እንደሚፈልግ ሰው።

ከዚያ ወደ በሩ ሄዱ። ጎንበስ ብለው ድንጋዩን አነሡ፣ ለአፍታ በእጃቸው መዘኑት፣ ይዘውት ወጡ። በሩ ሁለቱን ውስጥ ትቶ ከኋላቸው ቀስ ብሎ ተዘጋ።