እድፍ አያድርም

ሰኞ፣ ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ፣ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ፤ ሳል ያስቸገራቸው አንድ ሽማግሌ፣ ከባንኮኒው ጀርባ የቆመው ፋርማሲስት፣ የአሥራ አምስት ዓመቷ ጭምትና የክፍል ጓደኛዋ ሬዲዮ። ቅጽል ስሙን ያወጣላቸው ክፍሉ ነው። አንዷ ስለማትናገር፣ ሌላዋ ዝም ስለማትል።

ሽማግሌው ሽሮፓቸውን ይዘው ወጡ። ፋርማሲስቱ ጭምትን ሲያይ ፊቱ ፈካ አለ።

«የኛ ልጅ፣ ደህና ነሽ? ጋውኔ እንደ አዲስ ሆኗል ብሏል በያት እናትሽን።»

ጭምት ጋውኑን አየችው። ሐሙስ ዕለት የተኮሰችው ራሷ ናት። እናቷ ቤቱን የምታስተዳድረው የሰው ልብስ እያጠበች ሲሆን ደንበኞቿንም በልብሳቸው ነው የምትጠራቸው። ፋርማሲስቱ «ባለ ጋውኑ» ነው። የታችኛው ሰፈር መምህርት «ባለ ዳንቴሏ» ናት። የመጋዘኑ ኃላፊ ደግሞ «ባለ ስምንት ሸሚዙ»።

ከትምህርት ቤት እስከዚህ ድረስ በልቧ ስታጠናው የመጣችው ቃል እምቢ አላት። ባለ ጋውኑ ማታ ልብስ ሊያመጣ ቤታቸው ይመጣል። በር ላይ ቆሞ «ልጅሽ ዛሬ ምን ልትገዛ መጣች መሰለሽ» ቢልስ?

«ምን ልስጥሽ?»

«ፕላስተር» አለች።

«ስንት?»

«አንድ።»

ደጅ ሲወጡ ሬዲዮ ፕላስተሩን አገላብጣ አየችው። «እና ይሄን የት ልንለጥፈው ነው?» አለች። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። «ይቅርታ። አፌ ነው፣ እኔ አይደለሁም።»

ነገሩ የሆነው ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ነበር። ጭምት የባለ ስምንት ሸሚዙን ልብስ ልታደርስለት ሄደች። ሌላ ጊዜ በር ላይ ነው የሚቀበላት። ያን ቀን ግን «እጄ እርጥብ ነው፣ ወንበሩ ላይ አስቀምጪልኝ» አላት። ልብሱን ይዛ ስትገባ በሩን ከኋላዋ ቆለፈው። እምቢ አለችው። ጮኸች። የደረሰላት ሰው አልነበረም። አስገድዶ ደፈራት። ስትወጣም «ለእናትሽ ብትነግሪ የራሷን ጉሮሮ ነው የምትዘጊው» አላት፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

ቅዳሜና እሑድን ለማንም ሳትናገር አሳለፈች። ለሬዲዮ የነገረቻት ዛሬ በምሳ ሰዓት፣ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ነው፤ ከአሥር ቃል አይበልጥም። ሬዲዮ ሰምታ ዝም አለች። ዝም ስትል ጭምት የባሰ ፈራች።

«የሴት ልጆች ክበባችን ላይ የመጣችው ነርስ የነገረችን ትዝ ይልሻል?» አለች ሬዲዮ በመጨረሻ። «እርግዝና የሚከላከል ክኒን አለ፤ ግን በሦስት ቀን ውስጥ፣ ቶሎ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይሻላል ብላለች።» በጣቶቿ ቆጠረች። «ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ሦስት ቀን ይሞላል።»

አሁን ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ ከመድኃኒት ቤቱ ደጅ ወደ ጤና ጣቢያ ገሰገሱ። ጤና ጣቢያው ሲደርሱ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ሰልፍ አለ። ተራቸው ሲደርስ ዘጠኝ ተኩል ሊሆን ነው።

«ምንሽን ነው የሚያምሽ?» አለ ካርድ አውጪው ቀና ሳይል።

ጭምት ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«አይሰማም፤ ጮክ በይ።»

ከኋላዋ ሕፃን ያዘሉ እናቶች አሉ። አንድ የሰፈር ጎረምሳም አለ። ወደ ሬዲዮ ዞረች።

«የሴት ነገር ነው» አለች ሬዲዮ።

«እንግዲያው ወላጅ ይዛችሁ ኑ። ቀጣይ።»

አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሄደው ተቀመጡ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ትልቅ ነው፤ የሰከንዱ ዘንግ ሲዘል ድምፁ ይሰማል። ሬዲዮ «ይሄ ሰውዬ ሲወለድም ካርድ ሳያወጣ አልተወለደም» አለች፤ የሳቀላት ግን አልነበረም። ጭምት እጆቿን ጉርዷ ላይ አድርጋ መስመሩን ታስተካክላለች። ተነስቶ መሄድ ከመቀመጥ የቀለለ መሰላት። ልትነሳም ነበር።

ወለል የምትወለውለው ሴትዮ አጠገባቸው ስትደርስ «እግር» አለቻቸው። እግራቸውን አነሱ። ሴትዮዋ የጭምትን ፊት አየችና መወልወያዋን ወደ ግድግዳው አስደገፈች።

«ሰባት ቁጥር» አለች ቀስ ብላ። «ካርድ ማውጣት አያስፈልግም። ዝም ብላችሁ ግቡ፤ ጽዳቷ ናት የላከችን በሉ።»

ሰባት ቁጥር ውስጥ ያለችው ሲስተር መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መዝገብ ትጽፋለች። ጭምትን አየች፤ በሩን ተነስታ ዘጋችው።

«ሰው ጎድቶሽ ነው?»

ጭምት በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«መቼ?»

«ዓርብ። አሥር ሰዓት።»

ሲስተሯ ሰዓቷን አየች። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። ከመሳቢያ ክኒን አወጣች፣ ከጀሪካን በብርጭቆ ውሃ ቀዳች። «መጀመሪያ ይሄን ዋጪ። ወላጅ የሚባለውን ተይው፤ እዚህ ክፍል አይሠራም። በሁለት ሰዓት ውስጥ ካስመለሰሽ ተመለሺና ሌላ እሰጥሻለሁ።»

ጭምት ዋጠችው። ለአሥር ሰዓት አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀር ነበር።

ቀጥሎ ደም ተወሰደ። በኤች አይ ቪ እንዳትያዝ የሚከላከል ክኒን በጠርሙስ ተሰጣት፤ በየቀኑ፣ ሃያ ስምንት ቀን። ከዚያ ሲስተሯ እስክሪብቶዋን አነሳች።

«ያን ቀን የለበስሽው ልብስ የት ነው ያለው?»

«ለብሼዋለሁ።»

ሲስተሯ ጉርዱን አየችው። መስመሩ እንደ ቢላ የሰላ ነው፤ የሳሙና ሽታ አለው።

«ማን አጠበው?»

«እኔ። ማታውኑ።» ጭምት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «በእኛ ቤት እድፍ አያድርም። እናቴ ነች እንደዛ ያስተማረችኝ። ሦስት ጊዜ አጠብኩት።»

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ እንደቆመ ቀረ።

«አይጠቅምም አይደል?» አለች ጭምት።

«ሳይታጠብ ቢቀመጥ ለማስረጃ ይጠቅም ነበር» አለች ሲስተሯ። አልዋሸቻትም። «ግን ምንም አላጠፋሽም። ልብሱ ባይናገር አንቺ ትናገሪያለሽ።»

ሬዲዮ አንገቷን ደፋች። ጭምት ሳቅ የመጣባት መሰላት፤ የመጣው ዕንባ ነበር። «እኔ? እኔ ነኝ የምናገረው?»

«ዛሬ አይደለም። ግን ሃያ ስምንት ቀን የሚዋጥ መድኃኒት ለብቻ ተደብቆ አይዋጥም። የምታምኛት ትልቅ ሰው ማን አለች?»

«እናቴ» አለች ጭምት። ቀጥላም፣ «ሰውየው ደንበኛዋ ነው።»

 ሲስተሯ ከሷ ጋር የምትሠራዋን አማካሪ የክፍል ቁጥር በትንሽ ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠቻት፤ «ነገ ጠዋት፣ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ አለች» አለች።

መንገድ ላይ ሬዲዮ «ቤት ድረስ አብሬሽ ልግባ? ዝም እላለሁ» አለቻት።

«አንቺ?»

«እሞክራለኋ።»

ጭምት ግን በሩ ላይ ሸኘቻት።

እናቷ እየተኮሰች ነበር። «የት ጠፋሽ አንቺ ልጅ? ባለ ስምንት ሸሚዙ ሁለቴ ደወለ። ቅዳሜ በዘበኛው የላካቸው ሸሚዞች ተተኩሰው ደርሰዋል። ዛሬ በሰኞ ምን እንዳስቸኮለው እንጃ፤ ልጅቷ ታምጣልኝ ነው የሚለው። በይ ሳይመሽ ቶሎ አድርሺለት።» የታጠፉትን ሸሚዞች በሁለት እጇ አንስታ ዘረጋችላት።

የጭምት ክንዶች ለምደዋልና ተቀበሉ። ሸሚዞቹ እስካሁን ይሞቃሉ። የዋጠችውን እንዳታስመልስ ጥርሷን ነከሰች። እስከ ሰውየው ቤት አሥር ደቂቃ ነው። ሄዳ በር ላይ ጥላ ብትመለስስ? ዘበኛው ቢቀበላትስ? ዓርብ ደግሞ? የሚቀጥለው ዓርብስ?

ሸሚዞቹን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከቦርሳዋ ጠርሙሱን አውጥታ ላያቸው ላይ አቆመችው።

«ይሄ የማን ነው?»

«የኔ።»

«ምን ሆነሽ?»

ቃሉ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ እንደሆነው እምቢ አላት። የጉርዷን ጫፍ ያዘች።

«እማዬ፣ ዓርብ ይሄን ጉርድ ማታውኑ ለምን እንዳጠብኩት አልጠየቅሽኝም።»

እናቷ ጉርዱን አየች። ጠርሙሱን አየች። ከሥሩ ያሉትን ሸሚዞች ቆይታ አየች። ከዚያ መተኮሻውን ከግድግዳው ነቀለችና ያልታጠበው ልብስ ክምር ላይ ተቀመጠች።

ማክሰኞ ጠዋት እናትና ልጅ አማካሪዋ ዘንድ፣ ከዚያም ከአማካሪዋ ጋር ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። መርማሪዋ ጉርዱን በወረቀት ከረጢት ከተተችው፤ ላዩ ላይም «የታጠበ» ብላ ጻፈች።