በአንድ ጉድጓድ አንድ እፍኝ

«ምን አደረግሽበት?» አላት አባቷ በሽር።

ሰብሪና ወደ ዱባዎቹ ጎንበስ አለች። ትናንት ቅጠሉን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ የነበረው ዱባ ዛሬ ጠዋት ጠውልጎ መሬት ላይ ተኝቷል። የቅጠሎቹ ጠርዝ እሳት የላሰው ይመስላል። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፤ ሃያ ሁለቱም ያው ናቸው።

«ወረቀቱ ያለውን ነው ያደረግኩት፣ አባ።»

በሽር ቁጢጥ ብሎ አንዱን ግንድ በጣቱ ነካ። ሥሩ ላይ የጨመረችው ነጭ የዩሪያ ማዳበሪያ ገና ሟሙቶ አላለቀም። «ብዬሽ አልነበረም?» አላላትም። ቢላት ይሻላት ነበር።

ምክንያቱም ብሏታል። ቦታው የፍየሎቹ አሮጌ ጉረኖ ነው። እዚህ አልዩ አምባ ጉረኖ ሲነሳ በመጀመሪያው ዓመት ዱባ ይተከልበታል፤ ሌላ ምንም አይጨመርበትም። «የስንት ዓመት የፍየል በጠጥ ጠጥቷል፤ ምን ጎድሎት?» ነበር ያላት፣ «ይሁን፣ ዘንድሮ ያንቺ ነው» ብሎ ቦታውን የሰጣት ዕለት።

እሷ ግን የግብርና ክበብ አባል ናት፤ የአባቷ ነገር መች ገባት! የክበቡ ኃላፊ ቲቸር ይትባረክ «አፈር ሳይመረመር ማዳበሪያ አይጨመርም» ብሏል። ስለዚህ ከአምስት ቦታ አፈር ወስዳ ቀላቀለች፤ በሰማያዊ ፌስታል አድርጋ በቀይ የፀጉር ማስያዣዋ አሰረችና ለሔራን ሰጠቻት። ሔራን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብራት የተቀመጠች ጓደኛዋ ናት። ለዕረፍት አክስቷ ዘንድ ደብረ ብርሃን ልትሄድ ነበር። «የአፈር ምርመራ ላብራቶሪው እኮ አክስቴ ቤት አጠገብ ነው፤ አታስቢ» አለቻት።

ከሳምንት በኋላ ሔራን ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ይዛ መጣች። «ናይትሮጅን ይጎድለዋል። ዩሪያ፣ በአንድ ጉድጓድ አንድ እፍኝ» ይላል።

«ፕሪንተራቸው ተበላሽቶ ከኮምፒውተሩ ላይ ገልብጬው ነው።»

በሽር ማንበብ ብዙም አይሆንለትም። ወረቀቱን አገላብጦ አየና «እንግዲህ ምርመራ ካለ እኔ ምን አውቄ» ብሎ ለማሽላው ያስቀመጠውን ዩሪያ ሰጣት። ያን ቀን ሰብሪና አባቷን የረታች መስሏት ምንኛ ደስ ብሏት ነበር።

አሁን ግን ወደ ሔራን ቤት ትሮጣለች። ላብራቶሪው ተሳስቶ ከሆነ ዋናው ውጤት መታየት አለበት። በሩን የከፈቱላት የሔራን እናት እትዬ ሸዋወርቅ ናቸው።

«ሰቢዬ! አፈርሽን ልትወስጂ ነው? እሰይ! ልድፋው ስል ሔራን አትንኪው ብላኝ፣ ይኸው ከበሩ ኋላ ስንት ጊዜ አደናቀፈኝ።»

ሰብሪና ከበሩ ኋላ አየች። ሰማያዊው ፌስታል፣ ቀዩ የፀጉር ማስያዣ። ቋጠሮው ራሷ እንዳሰረችው ነው፤ አልተፈታም።

ሔራን ከጓዳ ወጣች። ፌስታሉን በሰብሪና እጅ ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። ሰብሪናን ጎትታ ወደ ደጅ አወጣቻት።

«ሰቢ፣ ልነግርሽ ነበር...»

«መቼ?»

«ስሄድ ረሳሁት። ባዶ እጄን ስመለስ ደግሞ ሼም ያዘኝ። ግን ዝም ብዬ አልጻፍኩም፤ ጉግል አድርጌያለሁ። ዱባ ናይትሮጅን ይወዳል ይላል።»

«እፍኙስ?»

ሔራን አቀረቀረች። «እፍኙ ከራሴ ነው።»

«ወላሂ ሁሉም ተቃጥሏል! በዚያ ወረቀት አባቴን ዝም አሰኘሁት፤ ገባሽ? አባቴን!»

«በናትሽ አትጩሂ፣ እማዬ ትሰማለች። ለቲቸር ይትባረክም እንዳትነግሪብኝ፤ ከክበቡ ያስወጣኛል። ዘሩ ነው መጥፎ በይ፤ ማን ያውቃል?»

ዘሩን ካምናው ዱባ መርጣ ያደረቀችው የሰብሪና እናት አሲያ ናት። ሰብሪና እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል ለትልልቅ ሰዎች ብቻ የተባለ ይመስላት ነበር። ፌስታሉን ደረቷ ላይ አቅፋ ሄደች። ሔራን ሁለት ጊዜ ጠራቻት፤ ዞራ አላየችም።

ቤት ስትደርስ ጎረቤታቸው ጋሼ አበባው ከአባቷ ጋር ደጅ ተቀምጠዋል። እሳቸውም ያረጀ በረት አፍርሰው ዱባ ተክለዋል።

«ወረቀቱስ ልክ ነው» ይላል በሽር። «ልጄም የተባለችውን ነው የሠራችው። ምናልባት ዘሩ ይሆናል።»

ሰብሪና ባለችበት ቆመች። አባቷ የሚከላከለው እሷን ነው፤ በዚያች ቁራጭ ወረቀት!

«መጣሽ?» አሉ ጋሼ አበባው ወረቀቱን እየዘረጉላት። «እስቲ አንብቢልኝ። ነገ እኔም ልጨምርበት ነው። ለአንድ ጉድጓድ ስንት ነው የሚለው?»

ተቀበለቻቸው። የሔራንን እጅ ጽሑፍ የትም ታውቀዋለች፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ከዴስክ ሥር ሲጻጻፉ ኖረዋል። «ማን ያውቃል?» ብላ ነበር ሔራን። እውነትም ማንም አያውቅም።

ወረቀቱን አጠፈችው። ፌስታሉን አባቷ እግር አጠገብ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ምንም እንዳይጨምሩበት» አለች። «አባ፣ አፈሩ ደብረ ብርሃን አልሄደም። ወረቀቱን ሔራን ከራሷ ነው የጻፈችው። እኔም የላብራቶሪው ማኅተም የታል ብዬ አልጠየቅኳትም። አንተን መርታት ስለፈለግኩ ነው።»

በሽር ፌስታሉን አነሳ። ቋጠሮውን ፈታ፤ ከአፈሩ ቆንጥሮ በጣቶቹ አሸው፤ አሸተተው። ከዚያ ቀዩን የፀጉር ማስያዣ መለሰላት።

ሰብሪና ፀጉሯን አላሰረችበትም። ጎንበስ ብላ ፌስታሉን መልሳ አሰረች።

«ሰኞ ለቲቸር ይትባረክ ሁሉንም ነግሬ አስፈቅደዋለሁ» አለች። «ከዚያ አፈሩን ራሴ ደብረ ብርሃን አደርሰዋለሁ።»